ክብር ካለ ብር የታል?

ኢሜይሉ የመጣ ቀን እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ስልኬን ይዤ ወጥ ቤት ገባሁና «ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተቀበለኝ» አልኳት። ቢላዋውን ጥላ እልልታዋን አቀለጠችው። ከላይ ያለው ጎረቤታችን ወለሉን በእግሩ ደበደበ። እንባዋ የደስታ ይሁን የሽንኩርት ሳይለይ «ኦነርስ ኮሌጅ የሚባለውም ተቀብሎኛል» ብዬ ጨመርኩላት።

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ጎበዝ የሚሏቸውን ተማሪዎች ሰብስበው የሚያስተምሩበት ነው። የክብር ፕሮግራም በይው።»

«ስንት ብር ይሰጣሉ?»

«ብር እንኳ የለውም።»

ቢላዋውን አነሳች። «ክብር ካለ ብር የታል?» አለችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ይሄ የሆነው በ2015 መጀመሪያ ላይ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው። እዚህ አገር የሆነብኝን ነገር በሐበሻ ልቁጠር ስል ይምታታብኛል።) ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ የዩኒቨርሲቲዎች መልስ በሚወጣበት ሰሞን፣ አንድ ሁለት እናቶች ይደውሉልኛል። ቁጥሬን የምታድለው እማዬ ናት። ጥያቄያቸውም ያው የእሷው ነው። ልጄን ኦነርስ ገብተሻል አሏት፣ ምን ይጠቅማታል? ዶርም ግቢ ይሏታል፣ የግድ ነው ወይ? እኔም ሥራ ላይ ስለምሆን «ጥሩ ነው፣ ትግባ» ብዬ እዘጋለሁ። ዘንድሮ አንዷ አልለቀቀችኝም። «ምኑ ነው ጥሩው?» አለችኝ። ቶሎ አልመጣልኝም። ይሄ ጽሑፍ ያን ቀን ያልመለስኩላት መልስ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ቡና አፍልታ ታንብበው።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። እኛ ዘንድ ማዕረግ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ስታነቢ ከርመሽ፣ ነጥብሽ ተደምሮ፣ «በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀች» ትባያለሽ። ጋዋን ለብሰሽ ፎቶ ትነሻለሽ፣ ፎቶው ሳሎን ይሰቀላል። ያ ዓይነቱ ማዕረግ እዚህም አለ። ኦነርስ ፕሮግራም የሚሉት ግን ሌላ ነው። እሱ የሚጀምረው ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ምንም ሳትሠሪ ነው። አነስ ያሉ የራሱ ክፍሎች አሉት። ብዙ ጊዜም የራሱ ዶርም አለው።

ሐሳቡን እዚህ አገር ካስፋፉት ሰዎች አንዱ ፍራንክ አይደሎት የሚባል ሰው ነው። በሮድስ ስኮላርሺፕ ኦክስፎርድ ተምሮ የተመለሰ ነው። የስዋርዝሞር ኮሌጅ ፕሬዚዳንት በሆነ በዓመቱ፣ በ1922፣ እዚያ የኦነርስ ፕሮግራም አስጀመረ። ስዋርዝሞር እስከ ዛሬ ድረስ የኦነርስ ተማሪዎቹን የሚያስፈትነው ከሌላ ቦታ በሚጋብዛቸው ምሁራን ነው። ያስተማረሽ ሰው አይፈትንሽም። ይሄ ነገር በጣም ደስ ይለኛል። ፈታኙ ከውጭ ሲመጣ አስተማሪሽ ካንቺ ወገን ይሆናል።

በኋላ ትልልቆቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም ተከተሉ። ወደ ውድ የግል ኮሌጅ ሊሄድ የሚችለውን ተማሪ እነሱ ዘንድ ለማስቀረት ነው። «የትንሽ ኮሌጅ ኑሮ በትልቅ ዩኒቨርሲቲ ዋጋ» ዓይነት ነገር ነው የሚሉት። ገንዘብ ያለበትም አልጠፋም። የኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ በ2001 የጀመረው፣ ዛሬ ማካውሌይ የሚባለው ኦነርስ ኮሌጅ የትምህርቱን ክፍያ ይሸፍናል፣ ላፕቶፕም ይሰጣል። እማዬ ያኔ ይሄን ብትሰማ ኖሮ ዕቃ ጭነን ብሮንክስ ገብተን ነበር።

የሜሪላንዱ ኦነርስ ኮሌጅ በውስጡ ብዙ ፕሮግራሞች አሉት። እኔ የገባሁበት ጀምስቶን ይባላል። በ1996 የተጀመረ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ከሁሉም ዓይነት ትምህርት ተሰብስበው አንድ ላይ ይኖራሉ። ከዚያ በሚመርጡት ርዕስ በቡድን ይከፈላሉ። ያ ቡድን እስኪመረቁ ድረስ አንድ ጥናት ይሠራል። መጨረሻ ላይ ወፍራም ጽሑፍ ያዘጋጅና ባለሙያዎች ፊት ቀርቦ ይሟገትለታል። ማስተርስ የሚሠራ ሰው ብቻውን የሚያየውን መከራ፣ ገና ዲግሪ ያልያዙ ልጆች በጋራ ያዩታል ማለት ነው።

ለወላጆች አንድ ነገር ሳልናገር አልለፍ። እኔ ባመለከትኩበት ጊዜ ለኦነርስ ተብሎ የሚሞላ የተለየ ፎርም አልነበረም። ለዩኒቨርሲቲው እስከ ጥቅምት መጨረሻ፣ በፈረንጅ ኖቬምበር 1፣ ያመለከተ ሁሉ ይታይለት ነበር። ከዚያ በኋላ ያመለከተ ግን ለኦነርስ አይታይም ነበር። ነገሩ ይሄው ብቻ ነው። እኔ ቀኑን የሰማሁት አብራኝ የምሳ ሰልፍ ላይ ከቆመች ልጅ ነው። የአክስቴ ልጅ፣ ከእኔ ጋር በአንድ አውሮፕላን በዲቪ የመጣው፣ ሌላ ትምህርት ቤት ነበርና ከማንም አልሰማም። ጥር ላይ አመለከተ። ስለ እሱ እመለስበታለሁ።

ከዚያ የዶርሙ ጦርነት መጣ።

ቤታችን ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ዩኒቨርሲቲው ያለበት ኮሌጅ ፓርክ ትራፊክ ከሌለ በመኪና ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። የዩኒቨርሲቲው ሻትል እኛው ሰፈር ድረስ ይመጣል። «ቤቷ ሃያ ደቂቃ የሆነ ልጅ ሌላ ቤት የምትከራየው ለምንድን ነው?» ትላለች እማዬ። የብሩ ነገር እውነት ነው። ግን ሌላም ነበረበት፣ አፍ አውጥታ ያልተናገረችው። ሴት ልጅ ነኝ፣ 18 ዓመቴ ነው፣ ሕንፃው ውስጥ ወንዶች አሉ። አባዬ ዲሲ ፓርኪንግ ነው የሚሠራው፣ ሌሊት ሌሊት። ጠዋት ሲገባ ሁለታችንን አኩርፈን ያገኘናል። ግራ ቀኝ ያይና ምንም ሳይል ይተኛል።

የገላገለን ጋሼ ነው። ጋሼ የእማዬ ታላቅ ወንድም ነው። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኛ ጋ ይመጣል። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ልነግረው ጀመርኩ። ጎበዝ ተማሪዎች፣ ከየቦታው ተመርጠው፣ አንድ ላይ እያደሩ… አላስጨረሰኝም።

«በዕደ ማርያም ነዋ!» አለ።

በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ልዑል በዕደ ማርያም የሚባል፣ በዩኒቨርሲቲው ሥር ያለ ትምህርት ቤት ነበር። ከየጠቅላይ ግዛቱ ጎበዝ ጎበዙ ተማሪ ይመረጥና 12ኛ ክፍልን እዚያ ይማራል። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ጋሼ ከደብረ ማርቆስ ተመርጦ ነው የሄደው። በቤታችን ይሄ ታሪክ በየበዓሉ ስለሚነሳ ማንም ጆሮ አይሰጠውም ነበር። ያን ቀን ግን እኔ አዳመጥኩት።

«ማርቆስ እያለሁ ከክፍሌ አንደኛ ነበርኩ» አለ። «እዚያ ስደርስ አጠገቤ የሚተኛው ያስመራ አንደኛ። ማዶ የሚተኛው የሐረር አንደኛ። አንደኛ ያልነበረ ሰው የለም። በመጀመሪያው ፈተና ከመሀል በታች ወጣሁ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ያስመራው ልጅ ተከትሎኝ መጣና ፊዚክስ ላሳይህ አለኝ። እኔ ደግሞ ያማርኛ ድርሰቱን አረምኩለት።»

«አሁን የት ነው ያለው?» አልኩት።

«ስቶክሆልም። ትናንት እኮ ደውሎልኝ ነበር።»

ወደ እማዬ ዞረ። «እቴ፣ ልጂቱን ልቀቂያት» አለ። በነገታው እማዬ ለዶርም የሚሆን አንሶላ ልትገዛ ወጣች። ያገኘነው የትምህርት ዕርዳታ ባይኖር ኖሮ አንሶላውም በጋሼ ታሪክ ብቻ አይገዛም ነበር። እሱንም መርሳት የለብኝም።

ኤሊኮት ይባላል ሕንፃው። ሰሜን ካምፓስ የሚሉት አካባቢ ነው። የጀምስቶን ቢሮም እዚያው ምድር ላይ ነው። ስትወጪ ስትገቢ የፕሮግራሙ ሰዎች ያዩሻል፣ ስምሽን ያውቃሉ። ወደ 40 ሺህ የሚጠጋ ተማሪ ባለበት ግቢ ስምሽን የሚያውቅ ሰው ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ያኔ እንደውም ደስ አላለኝም። ሰው ሲያውቀኝ ውድቀቴንም ያውቃል ብዬ እሰጋ ነበር።

ውድቀቱ አልዘገየም። የመጀመሪያው የካልኩለስ ፈተና ተመለሰ፣ 47። ከመቶ ነው።

ባሕር ዳር እያለሁ ሰቃይ ነበርኩ። ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ ሦስተኛ ወጥቼ አላውቅም። እዚህ መጥቼም በእንግሊዝኛ ብቸገር በሒሳብ እክስ ነበር። ወረቀቱን አጥፌ፣ ደግሜ አጥፌ፣ ክብሪት አሳክዬው ቦርሳዬ ሥር ከተትኩት። ከዚያ ማድረግ የማውቀውን አደረግኩ። መኬልዲን የሚባለው ዋናው ላይብረሪ ገባሁ፣ ጥግ ያለ ወንበር ፈለግኩ፣ ማንም እንዳያየኝ ጀርባዬን ለበሩ ሰጠሁ፣ እስከ እኩለ ሌሊት አነበብኩ። ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሆንኩ። የሚገባኝ ነገር ግን አልጨመረም። ያልገባኝን ደግሜ ደግሜ ማንበብ ብቻ ሆነ።

አንድ ማታ ተመልሼ ፎቃችን ስደርስ፣ ሦስት ክፍል አልፋ የምትኖር ልጅ ኮሪደሩ ላይ እግሯን ዘርግታ ሲሪያል ትበላለች። «ካልኩለስ ስንት አገኘሽ?» አለችኝ።

«ደህና ነው» አልኳት።

«እኔ 38!» አለች፣ ዛሬ ዝናብ ነው እንደማለት። ድምጿን ዝቅ እንኳ አላደረገችም። ከአንዱ ክፍል ውስጥ ደግሞ አንድ ልጅ «እኔ 51!» ብሎ ጮኸ። ደነገጥኩ። እኔ ባደግኩበት 38 ያገኘ ሰው ኮሪደር ላይ አይለፍፍም። ታምሜ ነበር ይላል፣ አስተማሪው ይጠላኛል ይላል፣ ወይም ዝም ይላል። «47» አልኩ ቀስ ብዬ። «በጣም ጥሩ፣ ካንቺ እንማራለን፣ ማክሰኞ ላውንጅ ነይ» አለችኝ። እየቀለደችብኝ መስሎኝ ነበር።

ማክሰኞ ሄድኩ። ላውንጅ የሚሉት የዶርሙ የጋራ መቀመጫ ክፍል ነው። ሰባት ልጆች፣ አንድ ነጭ ሰሌዳ፣ አንድ ትልቅ ቺፕስ። የመጀመሪያውን ሰዓት ምንም አልተነፈስኩም። ያየሁት ነገር ቀላል ነው። አንዱ ተነስቶ ይጽፋል፣ መሀል ላይ ይቆምና «ከዚህ በኋላ አልገባኝም» ይላል። ሌላው እስክሪብቶውን ይቀበለዋል። እሱም ይቆማል። «አልገባኝም» ማለት ለእኔ የሽንፈት ቃል ነበር። እዚያ ሥራ የሚጀመርበት ቃል ሆኖ አገኘሁት። በሁለተኛው ሳምንት እስክሪብቶው እኔ ጋ ደረሰ። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ እንግሊዝኛዬ ተንተባተበ፣ ሁለተኛው መስመር ላይ ተሳሳትኩ። ልጁ አረመኝ፣ ቀጠልኩ። መጨረሻው ፈተና ላይ 81 አመጣሁ።

ከዓመታት በኋላ ስለ ዩሪ ትሪስማን ሳነብ ይሄ ላውንጅ ትዝ አለኝ። ሰውዬው የሒሳብ ሰው ነው። በ1970ዎቹ ካሊፎርኒያ ባለው በርክሊ ዩኒቨርሲቲ እያለ ጥቁር ተማሪዎች ካልኩለስ ላይ ለምን እንደሚወድቁ ሊያውቅ ፈለገ። መምህራኑ የየራሳቸው ግምት ነበራቸው፤ ፍላጎት ስለሌላቸው ነው፣ ቤተሰብ ስለማይደግፋቸው ነው ይሉ ነበር። እሱ ግን ከተማሪዎቹ ጋር ዋለ፣ አመሸ፣ ሲያጠኑ አያቸው። ጥቁሮቹ ልጆች ይተጋሉ። ግን ብቻቸውን ነው የሚያጠኑት። ቻይናውያኑ መጀመሪያ ለየብቻ ይሠሩና ማታ ተሰብስበው አንዱ ያንዱን ሥራ ያያል፣ ይተራረማሉ፣ ከፈለጉም ይቀላለዳሉ። ከዚያ ትሪስማን የጋራ ጥናት አቋቋመ። ለደካሞች የሚሰጥ ማጠናከሪያ ትምህርት አላደረገውም። የኦነርስ ነው አለው። ጥያቄዎቹንም ከክፍሉ ጥያቄ አከበዳቸው። ልጆቹ ውጤታቸው ተለወጠ።

ይሄን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ያነበብኩት እኔ ነኝ እንዴ? እዚሁ ሜሪላንድ፣ ባልቲሞር አጠገብ ባለው ዩ.ኤም.ቢ.ሲ. በሚባለው ዩኒቨርሲቲ፣ በ1988 የተጀመረው የማየርሆፍ ፕሮግራምም በዚሁ ላይ የቆመ ነው። ሲጀመር ለጎበዝ ጥቁር ልጆች ነበር፣ በኋላ ለሌሎችም ተከፈተ። ልጆቹን ለሳይንስ ይሰበስባል፣ ገና ክፍል ሳይጀመር በጋውን አብረው ያሳልፋሉ፣ በቡድን ማጥናት ደንቡ ነው።

አሁን አንድ አንባቢ «አንድ ለአምስትስ?» ሊለኝ ይችላል። ትክክል። እኔም ባሕር ዳር እያለሁ አንድ ለአምስት ውስጥ ነበርኩ። እንደውም «አንዷ» እኔ ነበርኩ። አንድ ጎበዝ፣ አምስት ተከታይ፣ በየሳምንቱ ቃለ ጉባኤ። የሚሆነው ነገር ይታወቃል። የቤት ሥራውን እኔ እሠራለሁ፣ አምስቱ ይገለብጣሉ፣ «በጥሩ ሁኔታ ተወያይተናል» ብለን ጽፈን እንፈርማለን። አምስቱ ምንም አልተማሩም። እኔም ምንም አልተማርኩም፤ መልሱን የማውቀው እኔ ነኛ! ኤሊኮት ላውንጅ ውስጥ «አንድ» የሚባል ሰው አልነበረም። ጥያቄው ሁላችንንም ያቅተናል። ለእኔ ልዩነቱ ይሄ ነው። ከላይ የታዘዘ መሆኑ ብቻ አይደለም ያበላሸው። ጥያቄው ቀላል ስለነበረ መነጋገር አላስፈለገንም።

ሁለተኛ ዓመት ላይ ቡድን ተከፋፈልን። ርዕስ የሚያመጡት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። እኔ ያመጣሁት የጣናን ነገር ነው። በ2011 ሐይቁ ላይ እምቦጭ ታየ ሲባል ልጅ ነበርኩ። ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ እየወጡ በእጃቸው ሲነቅሉት አይቻለሁ። ከእርሻ ታጥቦ የሚገባው ማዳበሪያና አፈር እንደሚመግበው ማንም አልነገረኝም ነበር። እዚህ ደግሞ ቼሳፒክ የሚባል ሰፊ የባሕር ወሽመጥ አለ። ከእርሻው፣ ከዶሮ ርቢው፣ ከከተማው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይገባበታል። አልጌ ይፈላበታል፣ አልጌው ሞቶ ሲበሰብስ የውሃውን ኦክሲጅን ይጨርሰዋል፣ ዓሣውና ሸርጣኑ ይታፈናል። በሽታው ያው ነው፣ ምልክቱ ይለያያል። ይሄን ተናግሬ ስቀመጥ ሁለት ልጆች እጃቸውን አወጡ። በመጨረሻ አሥራ አንድ ሆንን። ከኢንጂነሪንግ፣ ከባዮሎጂ፣ ከኢኮኖሚክስ፣ አንዱ እንደውም የሙዚቃ ተማሪ ነበር።

የሠራነው ነገር ሲነገር ያምራል። ኦይስተር የሚባለውን የባሕር ፍጥረት ቅርፊት ፈጭተን፣ ፎስፈረስን ከውሃ መምጠጥ ይችል እንደሆነ ማየት ነው። ሲሠራ ግን ይገማል። ከምግብ ቤቶች የለመንነውን ቅርፊት አጥበን፣ ቀቅለን፣ አቃጥለን ነው የምንፈጨው። ሽታው አልለቅ ብሎኝ ሦስት ጃኬት ጥያለሁ። እማዬ ቅዳሜ ልብስ ላጥብ ስመጣ በር ላይ ታስቆመኝ ነበር። «ለዚህ ነው ዶርም የገባሽው?»

ስለ ዕድል ሲጠይቁኝ ይሄን ነው መናገር የሚገባኝ መሰለኝ። ብሮሹሩ ላይ ያለው ሌላ ነው፤ ትናንሽ ክፍሎች፣ ትራንስክሪፕት ላይ የሚጻፍ ስም፣ የምርምር ቀን ላይ ፖስተር ማቅረብ። ሁሉም አለ፣ ሁሉም ይጠቅማል። እኔ ግን አንድ ፕሮፌሰር ሦስት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲሳሳት አይቻለሁ። ለቡድናችን የተመደበ የላይብረሪ ባለሙያም ነበረን። መረጃ እንዴት እንደሚፈለግ ያስተማረን እሱ ነው፣ ዳቦ ቆሎም ያስለመድኩት እሱን ነው። እማዬ በትልቅ ጠርሙስ ትልክልኝ ነበር። ስብሰባ ያለ ጠርሙሱ ከሄድኩ ቅር ይለዋል። ለሥራ የድጋፍ ደብዳቤ ሲያስፈልገኝ እንደ ብዙ ልጆች ኢሜይል አርቅቄ ሰርዤ አልተጨነቅኩም። በር አንኳኳሁ፣ ገባሁ።

ቡድን ሁሉ ፍቅር ነው ማለቴ አይደለም። ሦስተኛ ዓመት ላይ ሁለት ልጆች ጥለውን ወጡ። የሙዚቃው ተማሪ አልነበረም፤ እሱ እንደውም ከሁላችን የተሻለ ጸሐፊ ወጣው። አንዱ ኢንጂነር ሁልጊዜ ያረፍዳል፣ ሁልጊዜ ምክንያት አለው። ከእሱ ጋር ስድስት ወር ተኮራርፈናል። ሽማግሌ የለ፣ ይቅር ተባባሉ የሚል የለ፣ በቀጥታ «ይሄ አስከፍቶኛል» ማለት አለብሽ፣ ያውም በእንግሊዝኛ። ከካልኩለስ ይሄ ይከብዳል።

ውጤታችንም ግማሹ አልሠራም። ላብራቶሪ ባዘጋጀነው ንጹሕ ውሃ ቅርፊቱ ፎስፈረሱን ሙጭጭ አድርጎ ይይዘዋል። ከወንዝ በቀዳነው ውሃ ግን እዚህ ግባ የሚባል አልያዘም። በ2019 ሚያዝያ ፈታኞቹ ፊት ስንቀርብ የምንፈራው ይሄን ነበር። ጠዋት ላይብረሪው ፊት ለፊት ያለው ቴስቱዶ ጋ ሄድን። ቴስቱዶ የዩኒቨርሲቲው የነሐስ ኤሊ ነው፣ ተማሪ ለዕድል አፍንጫውን ይዳስሳል። በፈተና ሰሞን ደግሞ ስለት ይቀርብለታል፤ ፒዛ፣ ቡና፣ የተሰበረ ወንበር ሁሉ አይቻለሁ። እኛ አንድ ከረጢት ዳቦ ቆሎ አስቀመጥንለት። ማርያም ይቅር ትበለኝ።

አንዷ ፈታኝ «የወንዙ ውሃ ላይ ለምን አልሠራም?» አለች። ጥያቄው ለእኔ ነበር። የሦስት ዓመት ሥራ ነው፣ ግምት ነበረኝ፣ ማሳመርም እችል ነበር። «አልገባንም» አልኳት። «ሦስት ነገር ጠርጥረናል፣ ሁለቱን ለመሞከር ጊዜ አልበቃንም።» ሁለቱንም ነገርኳት። ጻፈችው። አለፍን። ስንመለስ ከረጢቱ ባዶ ነበር። ሽኮኮ ይሁን የራበው ተማሪ እንጃ።

አሁን ወደ አክስቴ ልጅ ልመለስ። ይሄን ጽሑፍ ያለ እሱ ብዘጋው ውሸት ይሆንብኛል።

እሱ በመጨረሻ የገባው ሌላ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ስሙን አልጠራም። ከእኔ ያንሳል ያለ ሰው አያውቀውም። ሒሳብ ላይ እንደውም ይበልጠኛል። ግን ከቤት ነበር የሚመላለሰው። ሁለት አውቶቡስ ይዞ ይሄዳል፣ ሦስት መቶ ሰው ካለበት አዳራሽ መሀል ይቀመጣል፣ ክፍል ሲያልቅ እየሮጠ ሥራ ይገባል። በሦስተኛው ሴሚስተር ኬሚስትሪ ወደቀ፣ ደገመው፣ አሁንም ወደቀ። ለማንም አልተናገረም። እኛም የሰማነው ካቆመ ከአራት ወር በኋላ ነው። ጠዋት ጠዋት ቦርሳውን ይዞ ይወጣ ነበር፣ ወዴት እንደሚሄድ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም።

በዚያው ሰሞን እኔ ላውንጅ ውስጥ ቺፕስ እየበላሁ ነበር።

ፎቃችን ላይ የነበሩትን ልጆች ሳስባቸው ብዙዎቹ ያለዚያ ፎቅም አይወድቁም ነበር። አባቱ ኢንጂነር፣ እናቱ ሐኪም፣ ሲቸግረው የሚደውልለት አጎት ያለው ነው። ስሙን የሚያውቅ ቢሮ፣ ማክሰኞ የሚጠብቀው ቡድን የተሰጠው ግን ለእሱ ነው። ላለው ይጨመርለታል። ትሪስማን ነገሩን ገልብጦ ነበር፤ ከባዱን ጥያቄና ላውንጁን የሰጠው ይወድቃሉ ለተባሉት ነው። ይሄ የእኔ ፕሮግራም ጥፋት አይደለም። ለእኔም ከልቡ ሰጥቶኛል፣ አልክድም። ግን ለምን እንደ ሽልማት እንደሚታደል ዛሬም አይገባኝም።

የአክስቴ ልጅ በዓመቱ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ገባ። እማዬ ለጎረቤት ስትናገር ድምጿን ዝቅ ታደርግ ነበር፣ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው ብላ፤ ማንም የሚገባበት የሁለት ዓመት ኮሌጅ ማለት ነው። እዚያ የኬሚስትሪ ክፍሉ ውስጥ ሃያ ምናምን ሰው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት የቀረ ጊዜ አስተማሪዋ «ምነው፣ ደህና ነህ?» ብላ ጻፈችለት። ኢሜይሉን አሳይቶኛል። አንድ መስመር ነው። ስልኩ ላይ አስቀምጦታል።

ለዚያች ለደወለችልኝ እናት እንግዲህ፣ ትግባ። ዶርሙም ከቻላችሁ ትግባ። ካልቻላችሁ ወይም ኦነርስ ያልደረሳት ልጅ ካለችሽ ግን፣ ስለ ብሩ ከመጠየቅሽ በፊት ማክሰኞ ማታ ከማን ጋር እንደምታጠና ጠይቂያት። «ብቻዬን» ካለችሽ ያኔ ተጨነቂ።

የሙግቱ ቀን የአክስቴ ልጅ መጥቶ ነበር። ኋላ ወንበር ላይ፣ ጃኬቱን ሳያወልቅ፣ እስከ መጨረሻው ተቀመጠ። ፎቶ ተነሳን፣ አባዬ ጋቢ አልብሶኝ አለቀሰ፣ እማዬ ለላይብረሪው ሰውዬ ሌላ ጠርሙስ ሰጠችው። ወደ ቤት የሄድኩት በአክስቴ ልጅ መኪና ነው። ዝም ብለን ትንሽ ነዳን።

«ሲከብድሽ ማን ጋ ነበር የምትሄጂው?» አለኝ።

በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። ሲሪያሏን ኮሪደር ላይ የምትበላው ልጅ። የሙዚቃው። የላይብረሪው ሰውዬ። ሁለተኛው እጄ ላይ ስደርስ አፈርኩና እጄን ጭኔ ሥር ደበቅኩት።

መብራት ያዘን። አረንጓዴ ሲሆን ከኋላ ጡሩምባ ነፉብን።

«አንቺ ነበርሽ እኮ ሃያ ደቂቃ ላይ» አለ። «ለምን እንዳልደወልኩ እንጃ።»

«እኔም አልደወልኩልህም» አልኩት።

«ራበኝ» አለ። ወደ ጆርጂያ ጎዳና ታጠፈ።